ውስጡንም የሚልገው አናጢ

ጋሽ ይማም መሞቱን የሰማሁት በር ላይ ቆሜ፣ በእጄ ሁለት ቲማቲም ይዤ ነው። ያንኳኳው ሰው ወጣት ነው፤ አላውቀውም። ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አቧራ የለበሰ፣ በድንበሯ በወጃሌ በኩል የገባ መንገደኛ መሆኑ ያስታውቃል። «አንቱ ማለት የማያውቁት የድሬ ልጅ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ሀርጌሳ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከሄደ አስራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ሆዴ ቀድሞ አወቀው።

«ጋሽ ይማም ነው የላከህ?» አልኩት።

«ልከውኝ ነበር። የእህታቸው ልጅ ነኝ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። «ግን አርፈዋል። ወደዚህ አገር ለሥራ ከሄድክ እሷን ሳትፈልግ እንዳትቀር ብለው አደራ ሰጥተውኝ ነበር።»

ኢና ሊላሂ አልኩ። አስገባሁት፣ ውሃ ሰጠሁት፣ የሚቀመጥበት አሳየሁት። ቲማቲሞቹን በኋላ ጫማ መደርደሪያው ላይ አገኘኋቸው።

እኔ ቶሎ የማለቅስ ሴት አይደለሁም። እናቴ «አንቺን እኮ ሽንኩርትም አያስለቅስሽ» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አለቀስኩ፤ ልጁ እስኪደነግጥ ድረስ። እሱ ያለቀስኩት ስለ ሞቱ መስሎታል። ስለ ሞቱ ብቻ አልነበረም።

ከሱ ጋር በሠራሁበት ዘመን ሀርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ስትነሳ ነበር። በየሰፈሩ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ፣ ግድግዳ የሌለው በር ቆሞ ታያለህ። ሰው ከየአገሩ ይመለሳል፣ ሲሚንቶ ይጫናል፣ ይራገፋል፤ እኔ የምሠራበት የዕቃ ማስተላለፊያ ቢሮ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ባለቤቱን ሀጂ እንለዋለን፤ የዚሁ የከተማው ሰው ነው፣ ቁጡ ግን ልበ ንጹሕ። እኔ ሶማልኛውንም አማርኛውንም ትንሽ እንግሊዝኛውንም ስለምችል ወረቀቱን እሠራለሁ። ጓሮው ውስጥ፣ በቆርቆሮው ጥላ ስር፣ ጋሽ ይማም ሳጥን ይሠራል።

ሳጥን ስል የልብስ ሳጥን እንዳይመስላችሁ። በበርበራ ወደብ በኩል ባሕር የሚሻገር ዕቃ የሚታሸግበት ነው፤ ጄኔሬተር የሚገባበት፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት። ደህና ጣውላ ደግሞ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም። ገበያው ውስጥ ሞልቶ የነበረው የጥይት ሳጥን ነበር፤ ጦርነቱ ጥይቱን ጨርሶ ሳጥኑን ትቶልን ሄዷል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ቢጫ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት፣ ደረቅ ያማረ እንጨት። ሌሎቹ አናጢዎች ቀለሙን በላዩ ቀብተውበት ይመቱታል። ጋሽ ይማም ግን አንዱን ሳጥን በሙሉ ይፈታና፣ ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅሎ ያቃናና፣ ጣውላውን ነጭ እስኪሆን ድረስ በመላጊያ ይልገዋል። ሁለቱንም ፊት። የውጩንም፣ የውስጡንም።

«ለምንድነው የምትደክመው? ውስጡን እኮ ጄኔሬተሩ ነው የሚያየው» እለዋለሁ።

«እንጨቱ ምን አጠፋ?» ይለኛል። «ጥይት የተሸከመው ወዶ ነው? እኔስ ተሸክሜ የለ?»

እውነቱን ነው። በደርግ ጊዜ የጦሩ አናጢ ነበር። መንግሥት ሲወድቅ ምሥራቅ ነበርና ጦሩ ሲበተን እሱ ወደዚህ በእግሩ ተሻገረ፤ ይኸው ሳጥን ሲሠራ ኖረ።

የመጀመሪያ ቀን ነው የተጣላነው። «አንተ፣ ይሄን ሳጥን ማን እዚህ ገተረው?» አልኩት። አፉ ውስጥ አራት ምስማር ነበረ። አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ ደረደራቸውና፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ አባትሽን እሆናለሁ» አለኝ። በኛ በድሬ አንቱ ብሎ ነገር የለም፤ አባትህም አንተ ነው፣ ሸኹም አንተ ነው፣ ዳኛው ፊት ብትቆምም አንተ ነው። እሱ ደግሞ የወሎ ሰው ነው፣ ሕፃን ልጅ እንኳ አንቱ ብሎ ሊያናግር ምንም አይቀረው። «አባቴንም አንተ ነው የምለው። በኛ አገር አንቱ የሚልህ ሰው ወይ ሊለምንህ ነው ወይ ሊያታልልህ» አልኩት። ሳቁ መጣበት፤ ከዚያ ወዲህ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «አንቱ ማለት የማታውቀው የድሬ ልጅ» ሆኜ ቀረሁ።

ሜትር አይወድም። ሲባጎ ነበረችው፣ በሰም የታሸች፣ ከኪሱ የማትለይ። ዕቃው አጠገብ ይቆምና ይለካል፤ ርዝመቱ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ወርዱ ላይ አንድ፣ ቁመቱ ላይ አንድ። ሳጥኑ ሲያልቅ ቋጠሮዎቹን ይፈታቸዋል። «ሜትር ቁጥር ነው የሚነግርሽ፤ ሲባጎ ግን ዕቃውን ራሱን ይዞልሽ ይመጣል» ይላል። ምስማር ጎርሶ ስለሚያወራ የሚለውን ከኔ በቀር የሚሰማው ሰው አልነበረም፤ ሀጂ እንኳ ሊያናግረው ሲፈልግ እኔን ይጠራኛል፣ ሁለቱም ሶማልኛ እያወሩ። ስቆጣ «አብሽሪ» ይለኛል፣ አይዞሽ ማለቱ ነው። ስታመም «አብሽሪ»። አባቴ ሞቶ ቀብሩ ላይ ሳልደርስ ቀርቼ ጓሮው ውስጥ በተቀመጥኩበት ቀንም ሌላ ቃል አልጨመረም፤ አጠገቤ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብሎ «አብሽሪ» አለኝና እስከ አስር ሰዓት ድረስ አብሮኝ ዝም አለ። እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ጋሽ ይማም አንድ ነገር ነበር የሚፈልገው፤ አገሩ መግባት። ሐይቅ ዳር ነው የተወለደው፣ ከደሴ በላይ። እናቱ አለች። ዓመት በመጣ ቁጥር ከወዲያ የመጣ ሰው «አሉ፣ ግን ዓይናቸው እየደከመ ነው» የሚል ወሬ ያመጣለታል። «ታዲያ ለምን አትሄድም?» ስለው «ሲሞላልኝ» ይለኛል። ምኑ እንደሚሞላ አንድ ቀን ጠየቅሁት። ለእናቱ አንድ ደህና ጋቢ፣ ለወንድሙ በሬ፣ ለራሱ ደግሞ በሰው ፊት የሚያስኬድ ጫማ። «ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ባዶ እጅ ይገባል? ባዶ እጁን ከሚገባ ልጅ የሞተ ልጅ ይሻላል፤ ለሞተው ቢያንስ ይለቀስለታል» አለኝ። በዚያ ላይ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ወረቀት የሌለው ሰው ኬላ ላይ ከተያዘ በመኪና ተጭኖ ድንበር ይጣላል። ስለዚህ እዚህ በኖረባቸው አስራ ሁለት ዓመታት የሚያውቃት መንገድ አንዲት ናት፤ ዳሚ ሰፈር ካለችው ክፍሉ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ዳሚ። «እኔ አገሬ የምገባው በራሴ ጊዜ ነው እንጂ እንደ ፍየል ተጭኜ አይደለም» ይል ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አንድ ቀን ጓሮው በር ላይ አንድ ሞተር ሳይክል ቆመ። የወረደው ሰው ከፀጉሩ እስከ ጫማው አንድ ቀለም ነው፣ የመንገድ ቀለም። ማርቲን ይባላል፣ ሃምሳውን ያለፈ ፈረንጅ፣ ቀጭን፣ ብቻውን። ከአፍሪካ ታችኛው ጫፍ ተነስቶ፣ አገር በአገር እየተሻገረ፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ በጅጅጋ በኩል እኛ ጋ ደረሰ። አሁን ሞተሩን በበርበራ ወደ ዓረብ አገር አሻግሮ፣ ከዚያ እስከ ቤቱ ሊነዳ ነው። መርከቡ ፍየልና በግ የሚጭን ነውና ሰው አይወስድም፤ ሞተሩንም የሚቀበለው በሳጥን ታሽጎ ከመጣ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ከሀርጌሳ በአውሮፕላን ሊከተለው ነው።

ወረቀቱን ስቀበለው ለሞተሩ የወጣ ደብተር ሰጠኝ፤ ልክ እንደ ፓስፖርት፣ በገባበት አገር ሁሉ ማኅተም የተመታበት። ጋሽ ይማም በትከሻዬ አሻግሮ አየው።

«ምንድነው?»

«የሞተሩ ፓስፖርት በለው።»

«ሞተሩ ፓስፖርት አለው?»

«አለው። ይኸው፣ የኢትዮጵያም መግቢያና መውጫ ተመትቶበታል።»

ደብተሩን ተቀብሎ ገጹን አገላበጠው። «ሱብሃነላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ብረቱ በሕግ ይዞራል፣ ይማም ቆርቆሮ ስር ተደብቋል።» ከዚያ ሳቀና ሲባጎውን አውጥቶ ሞተሩን መለካት ጀመረ።

ሥራው ሦስት ቀን የሚፈጅ ነበር። መጀመሪያ ሞተሩ መታጠብ አለበት፣ ወደቡ ጭቃ አይወድም። ጋሽ ይማም የጎማው መከለያ ፓራፋንጎ ስር የተጋገረውን ጭቃ በቢላዋ ሲፍቅ ቆየና፣ አንዷን ቁራሽ በእጁ አድቅቆ አሸተታት። እኔ ከመስኮት እያየሁት የአገሩን አፈር አግኝቶ ሊያለቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ «ይሄ የኛ አይደለም፣ የጅጅጋ ነው» አለና ወረወረው። እንዲህ ነበር ሰውየው።

ምሳ ላይ ማርቲን ካሜራውን አወጣ። በኋላዋ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል መስታወት ነበረቻት፣ የነሳውን ታሳያለች። የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ እያገላበጠ ሲያሳየን ሐይቁ መጣ። ጠዋት የተነሳ፣ ውሃው የተኛበት፣ ከማዶ ጉብታ ያለበት። ጋሽ ይማም ምስማሮቹን ከአፉ አወጣ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ካሜራውን ተቀበለና ወደ ጥላው ገባ፣ ፀሐዩ እንዳይከለክለው።

«ይቺ ጉብታ» አለኝ፤ በጣቱ ሳይነካት። «ቤታችን ከጀርባዋ ነው። ጠይቂልኝ እስቲ፣ ከጀርባዋ በኩል አላነሳም?»

ጠየቅሁት። አላነሳም።

«ቢሻገር ኖሮ አሥር ደቂቃ ነበር» አለ። ካሜራውን ግን ቶሎ አልመለሰም። ማርቲንም አልጠየቀውም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተዋደዱ፣ ቋንቋ ሳይኖራቸው። ማርቲን ከመንገድ የለቀማት አማርኛ «ቀስ በቀስ»ና «በቃኝ» ናት፤ ጋሽ ይማም በሁለቷ አሠራው። የፊት ጎማውን ፈቱ፣ ስፖኪዮዎቹን ነቀሉ፣ መሪውን አጠፉ፣ ቤንዚኑን ቀዱ፣ ባትሪውን ለዩ። ጋሽ ይማም ሞተሩ የሚቆምበትን ወለል ሠርቶ ጎማው የሚገባበት ቦይ ቦረቦረለት። ጣውላ ይልጋል፣ ማርቲን ይይዛል። ጓሮው በፍቅፋቂ ተሞላ፣ በአንድ በኩል አረንጓዴ በአንድ በኩል ነጭ።

እሮብ ጠዋት ስልክ ተደወለ። መርከቡ ቅዳሜ መሆኑ ቀርቶ ሐሙስ ማታ ሊነሳ ነው። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የማርቲን የዚያኛው አገር ቪዛ ደግሞ ይቃጠላል። ሀጂ የጭነት መኪናውን ለአሱር ሰላት ሰዓት አዘጋጀ። እኔ ወደ ጓሮው ሮጥኩ። የውጩ ፊት ሁሉ ተልጎ አልቋል፤ የጣውላዎቹ ውስጠኛ ፊት ግን ገና ነበር፣ ከነአረንጓዴው ከነቢጫው።

«ጋሽ ይማም፣ ውስጡን ተወው» አልኩት።

መላጉን ቀጠለ።

«አይደርስም እኮ። መርከቡ ያመልጠዋል። ምታውና ይሂድ፤ ውስጡን ማን ያየዋል?»

ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ማርቲንን አየው፣ ከዚያ ፀሐዩን። መላጊያውን አስቀመጠ። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለኝ።

በሕይወቱ አንድም ቀን አንቺ ካልሽ ብሎኝ አያውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ረታሁት ብዬ ደስ አለኝ።

ክዳኑን ከመምታቱ በፊት ልማዱን አልተወም። ዕቃ ሳይሰናበቱት አይታሸግም ይላል፤ ባለቤቱ እጁን ሊያሳርፍበት ይገባል። ማርቲን ኮርቻው ላይ መዳፉን አደረገ። ጋሽ ይማም ቢስሚላህ ብሎ መታው። መኪናው በአሱር ወጣ፣ ማርቲንም አብሮ።

ሐሙስ ጠዋት ከበርበራ ተደወለ። ፈታሾቹ ክዳኑን አንስተዋል። ውስጡን ሲያዩት ዙሪያውን የጥይት ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ የፈንጂ ምልክት። ሞተሩን አይተዋል፣ ሌላ ነገር እንደሌለም አይተዋል፤ ግን ማዶ ያለው ወደብ ይሄን ጽሑፍ ካየ መርከቡን በሙሉ ያቆመዋል፣ እንዲህ ሆኖ አይጫንም አሉ። በሰዎቹ አልፈርድም፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አልጭነውም።

ሀጂ በቁጣ ጓሮው ውስጥ ገባ። «ይማም፣ አንተ ሁልጊዜ ውስጡን ትልግ የለም ወይ? ዛሬ ማን ተወው አለህ?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጋሽ ይማም ወደኔ ዞር አላለም። አንዴም አላለም። «እኔ ነኝ። ቸኮልኩ» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ሥራው ያስፈልገኝ ነበር፣ ወር አልሞላኝም ደሞዝ ከተጨመረልኝ፣ ሀጂ ደግሞ ሲቆጣ አያድርስ ነው። አፌን ዘጋሁት።

መላጊያውንና መዶሻውን በከረጢት ሲከት ደረስኩበት። «የት ልትሄድ ነው? ወረቀት የለህ። በርበራ አናጢ ጠፋ?» አልኩት።

«አናጢማ ሞልቷል። የኔን ሳጥን ግን ሌላ ሰው አይከፍተውም።»

«ኬላው አለ፣ ጋሽ ይማም። ትያዛለህ።»

«አብሽሪ» አለኝና ከሀጂ ሾፌር ጎን ወጥቶ ተቀመጠ።

የቀረውን የነገረኝ ማርቲን ነው፣ በእንግሊዝኛው፣ በእጁና በዓይኑ። ጋሽ ይማምና ሾፌሩ ሲወርዱ ኬላው ሳይጠይቃቸው አለፉ። ወደቡ ላይ ያ ሙቀት ባለበት፣ ጋሽ ይማም ሳጥኑን ጣውላ በጣውላ ፈታው። መሬት ላይ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ላገ። ወዛደሮቹ ሥራ ትተው ከበቡት፣ አንዱ ውሃ አመጣለት፣ አንዱ በካርቶን ጥላ ያዘለት። ሲጨርስ ዋናው ፈታሽ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ጣውላውን ዳሰሰና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ይማም ማርቲንን ኮርቻው ላይ እንደገና እጁን አስደረገው። ሁለት ጊዜ ታሽጓልና ሁለት ጊዜ ይሰናበተው ብሎ ነው መሰለኝ። ከመግሪብ በፊት ሞተሩ መርከብ ላይ ነበር።

የሀጂ ሾፌር ጭነት ሲጠብቅ ስለቀረ፣ ጁምዓ ጠዋት ሁለቱ በሕዝብ መኪና ወደ ሀርጌሳ ሲመለሱ ኬላው ላይ መታወቂያ ተጠየቀ። ማርቲን ፓስፖርቱን አሳየ። ጋሽ ይማም የሚያሳየው አልነበረውም። ወታደሮቹ አልሰደቡትም፣ አልመቱትም፤ ውረድ አሉት፣ ወረደ። ማርቲን ሊከራከርለት ሲወርድ ጋሽ ይማም «በቃኝ፣ በቃኝ» አለው፣ በራሱ በማርቲን አማርኛ። ከዚያ ከኪሱ ሲባጎውን አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለትና «ድሬ» አለው። ማርቲን ገባው። ሲባጎውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፣ ከሦስቱ ቋጠሮዎቹ ጋር። ቋጠሮዎቹን ሳይፈታቸው ነበር የላከልኝ።

ሀጂ ያልደወለበት ሰው የለም። እኔም ያን ጊዜ ነገርኩት፣ ውስጡን ተወው ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ። «አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። አላባረረኝም፤ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ላይ ከሌሎች ጋር ተጭኖ በወጃሌ መሻገሩን ሰማን። በሥራ ልብሱ፣ ጋቢው ሳይገዛ፣ በሬው ሳይገዛ፣ እንደ ፍየል ተጭኖ።

ወሬ አልመጣም። ከሐይቅ በኩል የመጣ ሰው ሁሉ እኔ ጋ ሳይጠየቅ አላለፈም፤ የሚያውቀው የለም። ከወራት በኋላ ማርቲን ፎቶ ላከ፤ ሞተሩ ባሕር ዳር ቆሞ፣ ከጎኑ የተፈታው ሳጥን፣ ነጭ ጣውላ ተደርድሮ። ከጀርባው «ለአናጢው» ይላል። ሀጂ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሌላ አናጢ ቀጠርን፣ ምስማር የማይጎርስ፣ የሚለው ሁሉ የሚሰማ። የሚለው ነገር ግን አልነበረውም። ወደ ጓሮው በወጣሁ ቁጥር ጆሮዬ መላጊያ ይፈልጋል። ሰው ድምፅ ይናፍቃል፣ መልክ ይናፍቃል፤ እኔ እንጨት ሲላግ ነው የናፈቅሁት፣ አቦ ሳቁብኝ።

ሲባጎዋን አስራ ሦስት ዓመት አስቀመጥኳት። ምን ልሁን ብላ እንደመጣች ግን አላውቅም ነበር። አንዳንድ ቀን ተግሳጽ ናት እላለሁ፤ ሳይለኩ አይናገሩ ሊለኝ ነው። እነዚህን ቋጠሮዎች ስነካ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ቀን ነበር።

እንግዲህ የእህቱ ልጅ ውሃውን ጠጥቶ እንደጨረሰ የጠየቅሁት ይሄንን ነው። «እንዴት ገባ?» አልኩት። «እናቱ ጋ እንዴት አድርጎ ገባ?»

«መጀመሪያ አልገቡም» አለኝ። «ከጉብታው ጀርባ ግማሽ ቀን ተቀምጠዋል፣ አፍረው። ሰው አይቷቸው ነው ይዘናቸው የገባነው። አያቴ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። በእጃቸው የአጎቴን ፊት ዳሰሱ፣ ትከሻቸውን ዳሰሱ፣ እጃቸው ላይ ሲደርሱ ብረት አገኙ። ‘ይሄ ምንድነው?’ አሉ። ‘መላጊያ ነው እማ። ሌላ ያመጣሁልሽ የለም’ አሏቸው።»

«እሷስ?»

«‘ታዲያ እጅህ መች ባዶ ነው’ አሉ። ሁለት ክረምት አብረው ኖሩ። ከዚያ አያቴ አረፉ፣ አጎቴ በገዛ እጃቸው ቀበሯቸው። እሳቸው ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ ለቁርዓን ተማሪዎች ሉህ፣ የመጻፊያ ጣውላ፣ ሲሠሩ ኖሩ። ሉህ እኮ በሁለቱም ፊት ይጻፍበታል፤ ሁለቱንም ካልላጉት ብዕር ይይዛል።»

ከዚያ መጠየቅ የፈራሁትን ጠየቅሁ። «ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ውስጡን ተወው ያልኩት እኔ ነኝ። ይሄን ነግሯችኋል?»

«ነግረውናል እንጂ። እየሳቁ ነው የሚነግሩን። ‘ውስጡን ማን ያየዋል ብላ አገሬ አስገባችኝ’ ይላሉ። ‘እሷ ባትቸኩል ኖሮ ጋቢ ስጠብቅ እማ ታመልጠኝ ነበር’ ይላሉ።»

እውነቱን ይሁን፣ ወይስ እንደዚያ ቀን በሀጂ ፊት እንዳደረገው እኔን ከጥፋቴ ሊሰውረኝ፣ አላውቅም። ሰውየውን ስለማውቀው ነው የማላውቀው። አሥር ጊዜ ይቅር በለኝ ልለው አስቤ ስላላገኘሁት ሰው፣ ለእህቱ ልጅ «ይቅር በሉኝ» አልኩ። አንቱ ማለቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ለማንም ብዬ አላውቅም። ልጁ የሚገባበት ጠፋው።

«ሲባጎዋንስ ለምን እንደላከልኝ ነግሯችኋል?»

«አዎ። መላጊያውና መዶሻው ለእንጀራዬ ያስፈልጉኛል፣ የቀረችኝ እሷ ናት፤ ልጅቷ ባዶ እጇን እንዳትቀር ብዬ ነው ብለዋል።»

ተነስቼ ከሳጥኔ አመጣኋት። ሰሟ ደርቋል፣ ቋጠሮዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ልጁ በሁለት እጁ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አያት። ከአጎቱ ዕቃ አገር ቤት የቀረችው አንዲት መላጊያ ብቻ እንደሆነች ነገረኝ፣ መዶሻው እንኳ እንደጠፋ። ሲባጎዋ ከመላጊያው ጎን ብትሰቀል እናቱ ምን ያህል ደስ እንደሚላት አነሳ። ልመና አልነበረም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ዝም ብሎ አነሳው።

መስጠት ነበረብኝ። የሱ ሥጋዎች ናቸው፣ የሚገባውም ለነሱ ነው። ጋሽ ይማም በኔ ቦታ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ሳያልቅ ያስጨብጠው ነበር። ለልጁ ምሳ ሠራሁለት፣ ሥራ እንዲያገኝ ለሀጂ ደወልኩለት፣ ለእናቱ ጋቢ ገዝቼ እልካለሁ አልኩት፤ ልኬያለሁም። ሲባጎዋን ግን ከእጁ ወሰድኳት፣ ወደ ሳጥኔ መለስኳት። ስስት ነው፣ አውቃለሁ። ያለሷ ግን እጄ ባዶ ነው።